ከዱቤ ደብተር ወደ መረጃ ቋት፦ ለአነስተኛ ንግድና ለሞባይል ስልክ የሚስማማ ሶፍትዌር አመራረጥ

ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ጋላፊ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሰመራ ከመድረሱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ በሎጊያ ያልፋል። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱና ከጅቡቲ የሚመለሱ የጭነት መኪናዎች እዚህ ይቆማሉ። ሾፌሩ ይመገባል፣ ያድራል፣ ጎማ ያስጠግናል፣ መለዋወጫ ይገዛል። ገንዘብ ያጠረው እንደሆነ «ስመለስ እከፍላለሁ» ብሎ በዱቤ ይወስዳል፤ ባለሱቁም ስሙን፣ የወሰደውን ዕቃና ዋጋውን በደብተር ላይ ያሰፍራል። የሱቁ ካፒታል ከፊሉ ያለው በዚያ ደብተር ውስጥ ነው። ደብተሩ ቢጠፋ፣ ወይም «ይህን እኮ ባለፈው ከፍዬአለሁ» የሚል ክርክር ቢነሣ፣ የሚጎዳው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት የተገነባው መተማመን ጭምር ነው።

ተማሪዎቻችን ለዕረፍት ወደየቤታቸው ሲሄዱ «ለወላጆቻችን ሱቅ የትኛውን የመረጃ ቋት ሶፍትዌር እንጫን?» እያሉ ይጠይቁናል። በዚህ ጽሑፍ መልሱን የምንፈልገው ከሶፍትዌሩ ስም ሳይሆን ከደብተሩ በመነሣት ነው። ደብተሩ ምን ዓይነት መረጃ እንደሚይዝና በምን ምክንያት እንደሚሳሳት ያወቀ ሰው ምርጫው ይቀልለታልና።

ለመሆኑ የመረጃ ቋት ምንድን ነው?

የመረጃ ቋት ማለት መረጃን በሥርዓት የሚያኖር፣ የሚጠብቅና በተጠየቀ ጊዜ ፈልጎ የሚያቀርብ የኮምፒውተር መዝገብ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ዓይነት መሠረቱ የተጣለው በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ነው። የኮድ ሐሳብ ለመናገር ቀላል ነው፦ መረጃ ሁሉ ረድፍና ዐምድ ባላቸው ሠንጠረዦች ይቀመጥ፤ ሠንጠረዦቹም በጋራ መለያ አማካይነት ይገናኙ። ኮድ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1981 የቱሪንግን ሽልማት አግኝቷል።

«ታዲያ ኤክሴልስ ረድፍና ዐምድ አለው አይደለም?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አለው። ይሁን እንጂ ኤክሴል የማስሊያ ገበታ እንጂ የመዝገብ ጠባቂ አይደለም። በአንድ ረድፍ ያሉት ስም፣ ቀንና ገንዘብ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን አያውቅም። እኛ ራሳችን የዶክትሬት ተማሪዎች ሳለን የሦስት ሳምንት የሙከራ ልኬት በዚህ መንገድ አበላሽተናል። አንዱን ዐምድ ብቻ መርጠን በቅደም ተከተል ስናደራጀው ሌሎቹ ዐምዶች ባሉበት ቀሩ፤ የሙቀቱ መጠን ከአንዱ ቀን፣ የግፊቱ መጠን ከሌላው ቀን ሆነ። ኮምፒውተሩም አንዳች የስህተት ምልክት አላሳየንም። በዱቤ መዝገብ ላይ ይህ ቢደርስ የአንዱ ሾፌር ዕዳ በሌላው ስም ይሆናል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ችግር ትልልቅ ተቋማትንም ያጋጥማል። እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ በእንግሊዝ አገር 15,841 በኮሮና ቫይረስ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ሳይካተቱ ቀርተው ነበር። መንሥኤው መረጃው ያለፈበት የቀድሞው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ የማይዝ መሆኑ ነበር። የተረፈው ሁሉ በዝምታ ተቆርጦ ቀረ።

ደብተሩን ወደ ሠንጠረዥ መለወጥ

አሁን አንድ በሎጊያ ዋና መንገድ ላይ ያለ የመለዋወጫ ሱቅ በሐሳባችን እንያዝ። ለዚህ ሱቅ አራት ሠንጠረዦች ይበቃሉ፦

1. ደንበኞች፦ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የስልክ ቁጥር
2. ዕቃዎች፦ መለያ ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ የአሁን ዋጋ፣ በሱቅ ያለው ብዛት
3. ዱቤ፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የደንበኛው መለያ፣ የዕቃው መለያ፣ ብዛት፣ የተሸጠበት ዋጋ
4. ክፍያ፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የደንበኛው መለያ፣ የገንዘብ መጠን፣ የአከፋፈሉ መንገድ

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ስም መለያ አይሆንም። ዓሊ መሐመድ የሚባሉ ሦስት ደንበኞች ቢኖሩ ሦስቱም የየራሳቸው ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። ስልክ ቁጥርም ቢሆን ሰው ስለሚቀይረው ብቻውን አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ መለያውን ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲሰጥ ማድረግ ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ እውነት የሚጻፈው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። የደንበኛው ስልክ ቢለወጥ የሚታረመው በመጀመሪያው ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ነው። «ዋጋውስ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሠንጠረዥ አለ አይደለም?» የሚል አንባቢ ጥሩ አስተውሏል። ነገር ግን እነዚህ ሁለት የተለያዩ እውነቶች ናቸው። አንደኛው ዕቃው ዛሬ የሚሸጥበት ዋጋ ነው፤ ሌላኛው በዚያን ዕለት የተሸጠበት ዋጋ ነው። የሞተር ዘይት ነገ ቢወደድ ትናንት የተወሰደው ዕዳ ሊጨምር አይገባም።

ሦስተኛ፣ ቀሪ ዕዳ ይሰላል እንጂ አይጻፍም። አንድ ሾፌር በ900 ብር የዘይት ማጣሪያና እያንዳንዱ 1,600 ብር የሆነ ሁለት ጣሳ ዘይት ወሰደ እንበል፤ ድምሩ 4,100 ብር ነው። በመልስ ጉዞው 2,000 ብር ከፈለ። ሶፍትዌሩ ዱቤውን ደምሮ ክፍያውን ሲቀንስ 2,100 ብር ያገኛል። ክርክር ቢነሣ የሚቀርበው አንድ ደረቅ ቁጥር ሳይሆን እያንዳንዱ ዕቃና እያንዳንዱ ክፍያ ከነቀኑ ይሆናል። ክፍያው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር ወይም በባንክ የተፈጸመ ከሆነ የግብይቱን ቁጥር አብሮ መመዝገብ ማስረጃውን ያጠነክረዋል።

መብራት ሲጠፋ ወይም መስመር ሲቋረጥ

ባለሱቁ አንድ ዱቤ ሲመዘግብ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ከዕቃው ብዛት ይቀነሳል፤ በደንበኛው ዕዳ ላይ ይጨመራል። የመጀመሪያው ተፈጽሞ ሁለተኛው ሳይፈጸም መብራት ቢጠፋ ወይም የስልኩ ባትሪ ቢያልቅ ዕቃው ከመዝገብ ወጥቶ ባለዕዳ የሌለው ይሆናል። ደህና የሆነ የመረጃ ቋት ይህን አይፈቅድም። ሁለቱን ሥራዎች እንደ አንድ የማይከፈል ድርጊት ይቆጥራቸዋል፤ ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይ አንዱም አይፈጸምም። ይህንንም የሚያደርገው ለውጡን ከማጽናቱ በፊት በተለየ የማስታወሻ ፋይል ላይ አስቀድሞ በመጻፍ ነው። ኃይል ተመልሶ ሲከፈት ማስታወሻውን ያነብባል፤ የተጀመረና ያልተፈጸመ ነገር ካገኘ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

መስመር የሚቋረጥበት ሁኔታ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ የመረጃ ቋቶች የሚሠሩት ሰርቨር በሚባል በሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው። ከሰርቨሩ ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ በሱቁ ያለው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ባዶ መስኮት ይሆናል። ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 ያጋጠመው ችግር ይኸው ነበር። ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መርከብ በሚዘጋጅ ፕሮግራም ላይ ሲሠራ፣ የመረጃ ቋቱ ሰርቨር በቆመ ቁጥር የእርሱም ፕሮግራም ይቆም ነበር። ስለዚህ ሰርቨር የማይፈልግ፣ መላ መረጃውን በአንድ ፋይል ውስጥ የሚይዝ የመረጃ ቋት ጻፈ፤ ስሙንም ኤስኪውላይት አለው። ፕሮግራሙ በነጻ የተለቀቀ ሲሆን መጠኑ ከአንድ ሜጋባይት አይበልጥም። ዛሬ በአንድሮይድና በአይፎን ስልኮች ሁሉ ውስጥ ይገኛል። አንባቢው በኪሱ የያዘው አንድሮይድ ስልክ የስም ዝርዝሩን የሚያኖረው በዚሁ ነው። ለባሕር ላይ መርከብ የታሰበው መፍትሔ መስመር ለሚቆራረጥበት የበረሃ ከተማም ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ የትኛውን እንምረጥ?

የመጀመሪያው ጥያቄ «በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይጽፋል?» የሚል ነው። የሚጽፈው አንድ ሰው ከሆነና መሣሪያውም ስልክ ከሆነ በኤስኪውላይት ላይ የተመሠረተ አፕሊኬሽን በቂ ነው። ይህ የመረጃ ቋት በአንድ ቅጽበት አንድ ጸሐፊ ብቻ የሚያስተናግድ በመሆኑ ለአንድ ሱቅ ይስማማል፤ አሥር ገንዘብ ተቀባይ ላለው ድርጅት ግን አይመከርም።

መሣሪያው ኮምፒውተር ከሆነ ማይክሮሶፍት አክሰስ ወይም ሊብሬኦፊስ ቤዝ ቅጽና ሪፖርት በቀላሉ ለማዘጋጀት ያስችላሉ። አክሰስ በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ሲሆን አንድ ፋይሉ ከ2 ጊጋባይት አይበልጥም፤ ይህም ለሱቅ ከበቂ በላይ ነው። ሊብሬኦፊስ ቤዝ ነጻ ነው፤ በሊኑክስም ይሠራል። ብዙ ቅርንጫፍና ብዙ ጸሐፊ ያለው ድርጅት ደግሞ እንደ ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስኪውኤል ያለ ባለሰርቨር ሥርዓትና እርሱን የሚንከባከብ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ «መስመር በሌለበት ሰዓት ይመዘግባል?» የሚል ነው። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ «መረጃዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ?» የሚለው ነው። አንድ አፕሊኬሽን ሠንጠረዦቹን ሌላ ፕሮግራም ሊያነብበው በሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል አውጥቶ የማይሰጥ ከሆነ፣ ባለሱቁ ደብተሩን ለሌላ ሰው ሣጥን ሰጥቶ ቁልፉን እንደማጣት ነው። በመጨረሻም ሐቁን ለመናገር፣ ሃያ ደንበኛ ብቻ ላለው ሱቅ በንጽሕና የተያዘ ደብተር ይበቃል።

የእኛ ፊደልና የእኛ ዘመን አቆጣጠር

የውጭ መጻሕፍት የማይነግሩን ሁለት ጉዳዮች አሉ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ውስጥ ስለገባ ዛሬ በአማርኛ መመዝገብ ችግር አይደለም። ችግሩ ያለው በፍለጋ ላይ ነው። ለእኛ ጆሮ አንድ ድምፅ የሆኑት «ሀ» እና «ሐ» ለኮምፒውተሩ 4608 እና 4624 የተባሉ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። «መሐመድ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «መሀመድ» ተብሎ ቢፈለግ አይገኝም። መፍትሔው ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው መዝግቦ፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዐምድ መጨመር ነው፤ በዚህኛው ዐምድ «ሐ» እና «ኀ» ወደ «ሀ»፣ «ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ» ወደ «አ»፣ «ፀ» ወደ «ጸ» ከነእርባታቸው ይለወጣሉ።

ሁለተኛው ቀን ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.ን 2016-02-30 ብለን ብንጽፍ የመረጃ ቋቱ የፌብሩዋሪ 30 ቀን አድርጎ ያየዋል። እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ አንዳንዱ ሶፍትዌር አልቀበልም ይላል፤ ኤስኪውላይት ደግሞ ቀን ሲያሰላ በዝምታ ወደ ማርች 1 ያሸጋግረዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ናትና ጭራሹን ቦታ የላትም። ስለዚህ ቀኑ በውስጥ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ ማለትም 2023-11-10 ተብሎ ይቀመጥ፤ ለባለሱቁ ሲታይ ግን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመለስለት። አፕሊኬሽን የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢፈትን ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ሙቀት፣ ቅጂና ምስጢር

ፊዚክስ የምናስተምር እንደመሆናችን ስለ ሙቀት ሳንናገር አናልፍም። በስልክ ውስጥ ያለው የፍላሽ ማኅደር መረጃን የሚይዘው በማገጃ በተከበቡ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ኤሌክትሮኖችን በማጠር ነው። ሙቀት በጨመረ መጠን ኤሌክትሮኖቹ ሾልከው የመውጣት ዕድላቸው ይጨምራል፤ ባትሪውም ቶሎ ያረጃል። እንደ አፕል ያለ አምራች ስልኩ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት ውስጥ እንዲሠራ ይመክራል፤ በሎጊያ በጋ ግን ከ40 ዲግሪ ማለፍ የተለመደ ነው። ስልኩን በመስኮት ዳር ወይም በመኪና ውስጥ አለመተው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅጂ መያዝ ያሻል። ማታ ሱቅ ሲዘጋ አንድ ቅጂ በሌላ መሣሪያ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ቅጂ ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ። በወር አንድ ቀንም ቅጂው በእርግጥ የሚከፈት መሆኑ ይፈተሽ፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል።

የሰው ዕዳ የሰው ምስጢር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰብን መረጃ መጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አድርጎታል። ከሕጉም በፊት በነጋዴውና በደንበኛው መካከል ያለው አደራ ይህንኑ ይጠይቃል። ስለዚህ ስልኩ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ ለንግዱ የማያስፈልግ መረጃም አይመዝገብ።

ለተማሪዎች መልመጃ

1. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ሱቅ ወይም ጋራዥ ምን ምን እንደሚመዘግብ ጠይቃችሁ ሠንጠረዦቹን በወረቀት ንደፉ። በሁለት ቦታ የተጻፈ አንድ እውነት ካለ አስወግዱ።
2. ደንበኛ የወሰደውን ዕቃ ቢመልስ ከላይ ካሉት አራት ሠንጠረዦች የትኛው ይለወጣል? አምስተኛ ሠንጠረዥ ያስፈልግ ይሆን?
3. ከድምር ቀሪ ዕዳ ይልቅ እያንዳንዱን ግብይት መመዝገብ የሚሻለው ለምንድን ነው? መልሳችሁን ለባለሱቁ በሚገባ ቋንቋ አስረዱ።

ሦስተኛውን ጥያቄ ባለሱቁን አሳምኖ የመለሰ ተማሪ፣ በሎጊያም ሆነ በሌላ ከተማ፣ ሶፍትዌሩን ለመጫን ዝግጁ ነው።