ፊደል ላልቈጠረ ሕፃን መጽሐፍ ስለ መስጠት

ፊደል ላልቈጠረ ሕፃን መጽሐፍ መስጠት ብዙ ሰው ከንቱ ወጪ ይመስለዋል፤ ይቀድደዋል፥ ያቈሽሸዋል ይላልና። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ዶሊ ፓርተን ግን እንዲህ አላሰበችም። አባቷ ብልህ ሰው ሲሆን ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር። ይህን እያሰበች በፈረንጅ አቈጣጠር በ1995 ዓመት በተወለደችበት በሴቪየር አውራጃ፥ በቴነሲ፥ ሕፃናት ከተወለዱ ጀምሮ አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በየወሩ አንድ መጽሐፍ ያለ ዋጋ በፖስታ እንዲደርሳቸው አደረገች። ሥራው ወደ ሌሎች አገሮችም ተስፋፍቶ በ2018 ዓመት የታደለው መጽሐፍ መቶ ሚሊዮን ሞላ።

እኛ ልንመለከተው የሚገባን ግን ከብዛቱ ይልቅ አሰጣጡን ነው። መጽሐፉ በሕፃኑ ስም ተጽፎ ይመጣል፤ ሀብታም ድኻ ሳይባል ለሁሉ ስለሚሰጥ ተቀብሎ የሚያፍር ቤት የለም። እኛ ግን ያለችንን ጥቂት መጽሐፍ እንዳትጠፋ በሣጥን እንቈልፋታለን፤ ሕፃኑም ገጽ መግለጥን ሳይለምድ ለትምህርት ይደርሳል።

ወላጆቹ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃን መጽሐፉ ብቻውን አይበቃውም። እንዲህ ባለው ቤት ከጎረቤት ሽማግሌ ወይም ከተማሪ አንዱ ማታ ማታ ያንብብለት፤ አባትየውም ሥዕሉን እያሳየ ከራሱ ተረት ቢነግረው ነውር አይደለም።