ሰዓቱን አይልቀቁ፣ ሥራውን ይለውጡ

የተጎዳ ሰው ከጉልበቱ ቀድሞ የሚያጣው ሰዓቱን ነው። ንጋት 12 ሰዓት ተነስቶ ከጎንደር ፒያሳ ወደ ቁስቋም ሽቅብ ይሄድ የነበረ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ወለም ሲለው «ሲሻለኝ እቀጥላለሁ» ብሎ ይተኛል። እግሩ በጥቂት ሳምንት ይሻለዋል። ያቺን የንጋት ሰዓት ግን እስከዚያ እንቅልፍና ስልክ ወርሰዋታል። በዓመቱ ስትጠይቁት «ያኔ እግሬን ተጎድቼ እኮ ነው የተውኩት» ይላል። እግሩ ከዳነ ቆይቷል፤ ሰዓቱ ግን አልተመለሰም።

የዚህ ምዕራፍ ምክር ከዚህ ይነሳል። ሲጎዱ ሰዓቱን እንደያዙ የሚሠሩትን ብቻ ይለውጡ። መሮጥ ካልቻሉ በዚያችው ሰዓት ይራመዱ። መራመድ ካልቻሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ክንድና ትከሻዎን ያሠሩ። ሐኪም አልጋ ላይ ይቆዩ ካለዎትም በዚያችው ሰዓት ነቅተው በጥልቀት ይተንፍሱ፣ እንዲያንቀሳቅሱት የተፈቀደልዎትን ሁሉ ያንቀሳቅሱ። ፍላጎት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል። ሰዓቱን የያዘ ሰው ግን ፍላጎቱ በሥራው መሃል ይመጣለታል።

አበበ ቢቂላ ሲታመም

የሰሜን ሸዋው ልጅ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን የማያውቅ የለም። ለተጎዳ ሰው የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሲቃረብ ትርፍ አንጀቱን ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ አሸነፈ፤ በጊዜው የዓለም ፈጣኑ ሰዓት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ ደግሞ የእግር ጉዳት ይዞት ሩጫውን አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። በዓመቱ የመኪና አደጋ ደረሰበትና እግሮቹ መንቀሳቀስ ተሳናቸው።

ይህ ሰው «ሩጫዬ ካለቀ ስፖርቴም አለቀ» ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያው ስቶክ ማንደቪል በአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ይዞ ቀረበ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በመንሸራተቻ ተወዳደረ። እግሩ ሲከለከል ክንዱን አሠራ። ከሁለቱ የማራቶን ወርቆቹ ይልቅ ይህ ለእኔ ታላቅ ነው፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ሮምን ብቻ ተምረው ይህን ሳይማሩ መቅረታቸውም ያሳዝነኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የቶኪዮውን ታሪክ ሰምተው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳያገግሙ ለመሮጥ አይነሱ። አበበ ከኋላው የዓመታት ልምምድ፣ ከጎኑ ደግሞ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ነበረው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ወጌሻና ሆስፒታል

በእኛ አገር እግሩ የተጎዳ ሰው ከሐኪም በፊት የሚፈልገው ወጌሻ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ወጌሻው ጎረቤት ነው፣ ዋጋው አይከብድም። ከዳባትና ከደባርቅ ወዲያ ላለው ገበሬ ደግሞ ሆስፒታል መድረስ ራሱ ቃሬዛና ብዙ ሰው ይጠይቃል። የእጃቸው ነገር የሚያስደንቅ፣ ስብራት ሲያዩ ደግሞ «ይህ ከእኔ በላይ ነው፣ ሆስፒታል ውሰዱት» የሚሉ ወጌሾችም አውቃለሁ። እነሱን አከብራለሁ። የምፈራው ሁሉንም እችላለሁ የሚለውን ነው።

የአንድ ወዳጄ የእህት ልጅ ገና አሥራዎቹን ያልጨረሰ ኳስ ወዳድ ነበር። አዘዞ በኩል ሜዳ ላይ ሲጫወት ከጉልበቱ በታች ተመታ። ወጌሻ ተጠራ። እግሩን ጎተተው፣ በቅቤ አሸው፣ ዙሪያውን በቀርከሃ ስንጥር አጥብቆ አሰረውና «እንዳትፈቱት፤ የሚያመው አጥንቱ እየገጠመ ስለሆነ ነው» ብሎ ሄደ። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ። እናቱ ልትፈታለት ስትነሳ አያቱ «ወንድ ልጅ ቻል ይባላል እንጂ!» ብለው ተቆጡ። በማግስቱ ማታ ጩኸቱ ቆመ፤ ቤቱ ሁሉ ተመስገን አለ። ጩኸቱ የቆመው እግሩ ስለደነዘዘ ነበር። ጣቶቹ ጠቁረው ሽታ ሲመጣ ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሞቹ ሊያተርፉለት የቻሉት ጉልበቱን ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ተቆረጠ።

የዚህን ምክንያት ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። እብጠቱ በጥብቅ እስር ተከቦ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ወደ ውስጥ ይሆናል፤ ደም ሥሮችን ይጨፈልቃል። ደም ያጣ ጡንቻ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ የታሰረ እግር ወይም እጅ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከነጣ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ጣቱን ቀና ሲያደርጉት ሕመሙ ከባሰ፣ ያሰረው ማንም ይሁን ማን እስሩን ወዲያውኑ አላልተው ሆስፒታል ይሂዱ። ሌሊትም ቢሆን አይደር። አያት ቢቆጡም ይፍቱት፤ የአያት ቁጣ ይበርዳል፣ የተቆረጠ እግር አይበቅልም።

ወለምታ ብቻ ከሆነስ? የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ቀናት ማሸትንና ሙቅ ውሃን ይተዉ፤ ሁለቱም እብጠቱን ያብሱታል። በቀዝቃዛ ውሃ የነከሩትን ጨርቅ ያኑሩበት፣ በላስቲክ ፋሻ ሳያጠብቁ ይጠቅልሉት፣ ሲቀመጡ እግርዎን ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉት። ከዚያ ሕመሙ በፈቀደው መጠን ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ በዙሪያውም ማንቀሳቀስ ይጀምሩ። ለሳምንታት ፈጽሞ ሳይነካ የተቀመጠ ቁርጭምጭሚት ደርቆና ደክሞ ይቆያል፤ በመጀመሪያው ጉርባጣ ኮብልስቶን ላይም እንደገና ወለም ይላል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎት፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱን አጥንት ራሱን ሲጫኑት ክፉኛ ካመመዎት ግን ራጅ ሳይነሱ አይደሩ።

ደረጃ ላይ የሚሠራው ሥራ

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምወደው መድኃኒት ልምጣ። ዳገትና ቁልቁለት የሚያበዛ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ የሚያሰማው አቤቱታ አለ፤ ጠዋት ሲነሳ ባቱን ከተረከዙ ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ጅማት ደርቆ ያነክሰዋል፣ ሲሞቅ ይተወዋል፣ ማታ ይመለስበታል። ታላቁ ኃይሌ ገብረሥላሴም ይኸው ጅማት አስቸግሮት ከሲድኒ ኦሎምፒክ በኋላ ቀዶ ሕክምና አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤድመንተን ከተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ይዞ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ደግሞ ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ለእኔና ለእርስዎ ግን ብዙ ጊዜ ቢላዋ አያስፈልግም። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን ራሱ ሯጭ ነበር፤ ይኸው ጅማት አሠቃየው። አለቃው ቀዶ ሕክምና ሊያደርግለት እምቢ አለው። አልፍሬድሰንም ሕመሙ ብሶ ቀዶ ሕክምናው የግድ እንዲሆን ብሎ ጅማቱን በየቀኑ በሸክም ያሠራው ጀመር። ጅማቱ በመባስ ፈንታ ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት 15 ሯጮች ለ12 ሳምንት ይህንኑ ሠርተው ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመልሰዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቤትዎ ወይም የቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ይቁሙ፤ ተረከዝዎ በአየር ላይ ይሁን፣ እጅዎ ግድግዳ ይያዝ። በሁለቱም እግር ሽቅብ ይነሱ። ከዚያ ክብደትዎን በታመመው እግር ላይ አድርገው ተረከዝዎን በዝግታ ከደረጃው በታች ያውርዱት። ለመነሳት ሁልጊዜ ደህናውን እግር ይጠቀሙ፤ የታመመው ሥራ መውረድ ብቻ ነው። ጉልበትዎን ቀጥ አድርገው 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፤ ጉልበትዎን ትንሽ አጥፈው ደግሞ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ጠዋትና ማታ ሲሠሩት በቀን 180 ይሆናል። ለ12 ሳምንት። መጠነኛ ሕመም ይኖራል፤ እሱ አያስፈራ። የሚያስነክስ ሕመም ከመጣ ቁጥሩን ይቀንሱ። ሕመሙ ያለው ተረከዙ አጥንት ላይ ራሱ ከሆነ ከደረጃው በታች አይውረዱ፤ መሬት ላይ ቆመው ይሥሩት።

ይህን ሥራ የምወደው ስለሚያድን ብቻ አይደለም። ገንዘብ አይጠይቅም፣ መብራት ሲጠፋ አይቋረጥም፣ መንገድ ሲዘጋና ከቤት መውጣት ሲከለከልም ይሠራል። 12 ሳምንት የጠዋትና የማታ ሰዓቱን ያከበረ ሰው ደግሞ ከጅማት በላይ የሆነ ነገር ጠግኗል።

ሌሎች እርምጃዎች

ደህናውን እግር ያሠሩ፤ የአንዱ እግር ልምምድ የተቀመጠውንም እግር ጉልበት በከፊል እንደሚጠብቅ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል።

ድካምን ከጉዳት ይለዩ። ከሊማሊሞ ቁልቁል የወረደ ሰው በማግስቱና በሠልስቱ ጭኑ ቢቆረጣጥመው ጡንቻው እየተላመደ ነው። አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ፣ የሚያሳብጥ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ግን ሐኪም ይፈልጋል።

ደባርቅና ዳባት ያላችሁ በብርዱ ምክንያት ማሟሟቂያችሁን አስረዝሙ። ከመተማ ቆላ ወደ ደጋ የወጣ ሰው ደግሞ የትንፋሹን ማጠር ስንፍና ነው ብሎ አይዘን፤ የአየሩ ነገር ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይለመዳል።

በአቢይ ጾም 55 ቀናት ሥራዎን ወደ መመገቢያው ሰዓት አስጠግተው ያቅልሉት፤ ሽሮውን፣ ምስሩንና ባቄላውን አያሳንሱ፣ ጅማትና ጡንቻ የሚጠገነው በእነሱ ነው። ከባድ ጉዳት ያለበት ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር።

ከሁለት ሳምንት በላይ ካቋረጡ በቀድሞው መጠን ግማሽ ይጀምሩ። ትንፋሽ ቶሎ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከዚህ ቀደም የሠለጠነ ጡንቻ ከአዲስ ጡንቻ ፈጥኖ ይመለሳል። እርሾው ያልታጠበ ቡሃቃ ሊጡን ቶሎ ያቦካዋል።

ስለ ሰፈራችን

ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሰው ስፖርት ሲተው ሁሉም ጥፋት የእሱ አይደለም። የእግረኛ መንገዳችን በሱቅ ዕቃ ተይዟል፤ እግረኛው ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ አስፋልት ላይ ይሄዳል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበት የነበረው ሜዳ በቆርቆሮ እየታጠረ ሕንጻ ሆኗል። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው በሙሉ ጨፍሯል፤ ለጭፈራው የወጣው ወጣት ዛሬ የሚጫወትበት ሜዳ አጥቶ የቁማር ቤት ደጅ ሲያንዣብብ ይውላል።

ምላሳችንም ይጎዳል። ጠዋት የምትሮጥ ሴት ስትታይ «አርፋ ብትቀመጥ ምናለ!» ይባላል። እያነከሰ የሚራመድን ሰው «አንተ ደግሞ አልበቃህም?» እንለዋለን። ሆዱ የገፋውን «አምሮብሃል» እያልን እናሞግሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ይህን ለመፈጸም የሚታገልን ሰው ማሽሟጠጥ ነውር ነው።

ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ውሳኔ በደህናው ቀን ካልተወሰነ በክፉው ቀን አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ ወረቀት ይያዙና ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። የመጀመሪያው «እግሬን ካመመኝ፣ በዚያችው ሰዓት እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ይሁን፤ የሚያደርጉትን በስሙ ይጥሩት። ሁለተኛው «ከቤት መውጣት ካልቻልኩ፣ በዚያችው ሰዓት እንዲህ አደርጋለሁ» ይበል። ወረቀቱን ጫማዎ ከሚቀመጥበት ቦታ በላይ ይለጥፉት።

ብቻዎን ከሆኑ ግን ወረቀቱም ይረሳል። ማኅበርና እድር የሠራ ሕዝብ ለአካሉ ጤና ሁለት ሰው ማሰባሰብ አያቅተውም። በሰፈርዎ ተጎድቶ ስፖርቱን የተወ አንድ ሰው ያስቡ። ነገ ይደውሉለት፤ «ዳንክ ወይ?» ብለው አይጠይቁት። «በስንት ሰዓት ልምጣ?» ይበሉት፤ ባለው ሰዓትም በሩን ያንኳኩ።