«ወንድም» የሚለው ቃል ከወዴት መጣ?

«ወንድም» የሚለውን ቃል በየዕለቱ እንናገረዋለን፤ ዳሩ ግን ከወዴት እንደ መጣ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ብዙ ሰው «ወንድ» ከሚለው ብቻ የወጣ ይመስለዋል። የቋንቋ ሊቃውንት ግን «ወልደ እም» ከሚለው ከጥንቱ አነጋገር የተገኘ ነው ይላሉ፤ ይኸውም «የእናት ልጅ» ማለት ነው። ግዕዝ ወንድምን «እኁ» ብሎ ይጠራዋል፤ የዕብራይስጡ «አሕ»፣ የዐረብኛው «አኽ»፣ የትግርኛውም «ሓው» የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው። አማርኛ ግን «እኅት» የሚለውን ጠብቆ የወንዱን ስም ከእናት ወሰደ። የሚያስደንቀው የግሪክ ቋንቋም እንዲሁ ማድረጉ ነው። ሐዲስ ኪዳን ወንድምን የሚጠራበት «አዴልፎስ» የሚለው ቃል «ዴልፊስ» ከሚለው፣ ማለት ከማሕፀን የወጣ ሲሆን «የአንድ ማሕፀን ልጅ» ማለት ነው።

እኛም «የእናቴ ልጅ» ስንል ድምፃችን እንኳ ይለሰልሳል። ብዙ ሚስቶች በነበሩበት ቤት ግን ይህ ቃል ማቅረብ ብቻ ሳይሆን መለየትም ያውቅ ነበር። ጌዴዎን የምድያም ነገሥታት የገደሏቸው ሰዎች የእናቱ ልጆች እንደ ነበሩ ተናግሮ ደማቸውን ተበቀለ (መሳፍንት 8፥19)። ይኸው ጌዴዎን ከብዙ ሚስቶቹ 70 ልጆችን ወለደ፤ አቢሜሌክ ግን በሴኬም ከነበረችው ቁባቱ ተወለደ። አቢሜሌክ ወደ እናቱ ዘመዶች ሄዶ ሥጋቸው መሆኑን አሳሰባቸው፤ የሴኬምም ሰዎች ወንድማችን ነው ብለው 70 ብር ሰጡት። በዚያ ገንዘብ ምናምንቴዎችን ቀጥሮ የአባቱን ልጆች በአንድ ድንጋይ ላይ አረዳቸው፤ ከሞት ያመለጠው ታናሹ ኢዮአታም ብቻ ነው (መሳፍንት 9፥1-5)። እንግዲህ «ወንድማችን» የሚለው ቃል በሴኬም ምን እንደ ሠራ እንመልከት።

በያዕቆብ ቤትም 12 ልጆች ከ4 እናቶች ተወልደው ነበር። የልያ ልጅ ይሁዳ የራሔልን ልጅ ዮሴፍን ወንድማችንና ሥጋችን ነው ብሎ ከሞት አዳነው፤ ነገር ግን በዚያው አፉ እንዲሸጥ መከረ፤ ዋጋውም 20 ብር ሆነ (ዘፍጥረት 37፥26-28)። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን በግብፅ ብንያም ባሪያ ሊሆን በተያዘ ጊዜ፣ በእርሱ ፈንታ እኔ ልቅር ብሎ ራሱን ያቀረበ ይኸው ይሁዳ ነው (ዘፍጥረት 44፥33)። ብንያም ከእናቱ ልጆች ብቻውን እንደ ቀረም ራሱ ይሁዳ ተናግሯል፤ እናቲቱም የይሁዳ እናት አልነበረችም።