የተሰረጎደ ላሜራ እንዴት ይቃናል?

በጋራዦቻችን «ባትላሜራ» የሚባለው ሙያ ስሙን ያገኘው ከጣልያንኛ ነው፤ ትርጓሜውም ላሜራ የሚመታ ማለት ነው። ስሙ ግን ጀማሪውን ያሳስታል። የመኪና ላሜራ ሲሰረጎድ ብዙ ሰው ከባድ መዶሻ ያነሣና ከውስጥ በኩል ጥልቁን ቦታ በኀይል ይመታል፤ ከጥቂት ደቂቃም በኋላ አንድ የነበረው ስርጉድ ብዙ ጉብታ ሆኖ ይገኛል። ይህ ለምን እንደሚሆን የተረዳ ሰው ግን አነስተኛ ስርጉድ በቤቱ ግቢ ውስጥ ሊያቃና ይችላል።

ሽቦ በጥቂቱ አጥፈን ብንለቀው ወደ ነበረበት ይመለሳል። አብዝተን ያጠፍነው እንደ ሆነ ግን እንደ ታጠፈ ይቀራል፤ የታጠፈበትም ቦታ ከሌላው ይልቅ ይጠነክራል። መልሰን ልናቃናው ብንሞክር ከእጥፋቱ አጠገብ ይጎብጣል እንጂ እጥፋቱ ራሱ እንቢ ይላል። በላሜራም የሚሆነው ይኸው ነው። ከተሰረጎደው ስፍራ አብዛኛው ገና ለመመለስ የሚፈልግ ብረት ሲሆን፥ እንዳይመለስ ጨቁኖ የያዘው በዳሩ ዙሪያ የተፈጠረው ጠባብና ጠንካራ እጥፋት ነው። ስለዚህ ሥራው ከዳሩ ይጀምራል።

ለምሳሌ የቀድሞዪቱን ፎልክስዋገን እንውሰድ። የዚህች መኪና ምርት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ ቢያከትምም፥ በአዲስ አበባ መንገዶች አሁንም ትታያለች። አራቱ ፓራፋንጎዎችዋ በቡሎን የታሰሩ ስለሆኑ ተፈትተው መሬት ላይ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ለተማሪ የምትመቸውም በዚህ ነው። ቡሎኖቹ የዛጉ እንደ ሆነ ከዋዜማው ዘይት ማጠጣት ይበጃል፤ በግድ ሲፈቱ ይበጠሳሉና። ከዚያም የውስጡ ጭቃ ይታጠባል። ዝገት በስቶት ከተገኘ መዶሻ ምንም አይረዳም፤ ተቆርጦ መበየድ አለበት፤ ይህም የባለሙያ ሥራ ነው።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ፊቱ ለስላሳ የሆነ ቀላል መዶሻ፥ የእንጨት መዶሻ፥ አሸዋ የተሞላ ጆንያ፥ ደግሞም በእጅ ተይዞ ከበስተኋላ የሚደገፍ የተወለወለ ብረት፥ ማለት ትንሽ መስፍ ይበቃል። ፓራፋንጎው የውጭ ፊቱ ወደ ጆንያው ሆኖ ይቀመጥና ጥልቁ ስፍራ ከውስጥ በእንጨት መዶሻ በቀስታ ይገፋል። ቀጥሎ ይገለበጥና መስፉ ከውስጥ በዝቅተኛው ቦታ ተደግፎ፥ በአጠገቡ ከፍ ብሎ የቆመው ዳር ከውጭ በመዶሻ ይመታል። መስፉ ዝቅ ያለውን ይገፋል፤ መዶሻው ከፍ ያለውን ያወርዳል። የሚጀመረውም መጨረሻ ከታጠፈው፥ ይኸውም ከመካከሉ ከራቀው ዳር ነው፤ አስቀድሞ የተመታው መካከል መጨረሻ ይደርሰዋል። እጥፋቱ ሲላላ መካከሉ አንዳንድ ጊዜ «ጧ» ብሎ በራሱ ይመለሳል፤ ይህን ድምፅ መስማት ደስ ያሰኛል።

ዋናው ጥንቃቄ ላሜራውን በመዶሻና በመስፍ መካከል አጣብቆ ደጋግሞ አለመቀጥቀጥ ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ፥ ሲቀጠቀጥ እንደ ሊጥ ይሳሳል፤ ይሰፋልም። የሰፋውም ብረት ለስፍራው ትርፍ ስለሚሆን፥ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ሲጫኑት ይገባል፥ ሲለቁት ይወጣል። ያን ጊዜ በእሳት አሙቆ ማኮማተር ግድ ይሆናል፤ ይህን ለማድረግ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። መስተካከሉንም ለማወቅ ዐይንን ብቻ ማመን አይገባም። መዳፍን በስስ ጨርቅ ሸፍነው በላዩ ቢያንሸራትቱ፥ ዐይን ያላየውን ጉብታ እጅ ያገኘዋል።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጥቂት ጉድለት በስቱኮ ይሞላል። አንዳንዱ ሰው በዚህ ስፍራ ይሰንፍና ያልተቃናውን ጉድጓድ በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ይቀባበታል። መልኩ ለጊዜው ያምራል፤ ነገር ግን መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይሰነጠቃል፥ ውሃም ገብቶ ከሥር ያዝገዋል። መኪናውን የገዛው ሰው ነገሩን የሚያውቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው። ትንሽ ማግኔት በወረቀት ጠቅልሎ በላሜራው ላይ የሚያስኬድ ገዢ ግን አይታለልም፤ ስቱኮ በወፈረበት ማግኔቱ ይለቃልና። (በአሮጌዪቱ ላንድሮቨር ይህ ፈተና አይሠራም፤ አብዛኛው አካልዋ አሉሚንየም ስለሆነ ማግኔት አይዘውም።)

ስቱኮ ከመቀባቱ በፊት ቀለሙ እስከ ብረቱ ድረስ ይፋቃል። አሮጌ ቀለም መርዛማ የሆነውን እርሳስ ሊይዝ ስለሚችል፥ አቧራው እንዳይነሣ በውሃ እያረጠቡ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ይገባል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ስቱኮው ከ3 ሚሊሜትር ሳይበልጥ ይቀባል። ለ100 ግራም ስቱኮ ማጠንከሪያው 2 ግራም ያህል ነው፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማብዛት በኋላ የላዩን ቀለም ያበላሻል። ስቱኮ ውሃ ስለሚጠጣ እርሱ የሚፋቀው በደረቁ ነው፤ አፍና አፍንጫም ይሸፈናል።

በአዲሶቹ መኪኖች በሮች ውስጥ ግን በግጭት ጊዜ አየር ከረጢቱን የሚያስነሣ መሣሪያ ሊኖር ስለሚችል፥ በሩን በቤት ውስጥ መቀጥቀጥ አይገባም።

የጸረ ዝገት ቀለም በውጭ ብቻ ሳይሆን በውስጥም ይቀባል። መስፉ የውስጡን ቀለም ስለሚልጠው፥ የጎማው ጭቃም በዚያ በኩል ስለሚረጭ፥ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሁሉም ሲደርቅ በፓራፋንጎውና በመኪናው አካል መካከል የሚገባው ጎማ ይመለስና ቡሎኖቹ በመጀመሪያ ላላ ብለው ይያዛሉ፤ ፓራፋንጎው በስፍራው መግጠሙ ከታየ በኋላ ይጠብቃሉ።