ቅባትና ውኃ የማያሳልፍ ወረቀት፤ ቅቡ ከምን እንደ ተሠራ ስለ ማወቅ

ምግብ በንጹሕ እጅ ቢዘጋጅም የሚጠቀለልበት ነገር ንጹሕ ካልሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በከተሞቻችን ትኩስ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ባገለገለ የደብተር ወረቀት ወይም በጋዜጣ ጠቅልሎ መሸጥ የተለመደ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለውን ዐዋጅ ስላጸደቀ፣ ወረቀት የፌስታልን ቦታ እየያዘ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ለምግብ የሚሆነውን ወረቀት ከማይሆነው ለይቶ ማወቅ የማናቸውም ቤተ ሰብ ጉዳይ ነው።

ወረቀት ስለ ምን ያሳልፋል?

ወረቀት የሚሠራው ሴሉሎስ ከሚባለው የዕፅዋት ቃጫ ነው። ቃጫዎቹ ተጠላልፈው ሲደርቁ በመካከላቸው እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ሴሉሎስ በተፈጥሮው ውኃ ወዳድ ስለ ሆነ፣ ጋዝ በኩራዝ ክር ላይ እንደሚሳብ ውኃም በነዚህ ቀዳዳዎች ይሳባል። ዘይት ደግሞ ከውኃ ይልቅ በቀላሉ በገጽ ላይ ስለሚነጠፍ፣ እርሱን መከልከል ውኃን ከመከልከል ይከብዳል።

እስካሁን የተሠራባቸው ዘዴዎች

የመጀመሪያው ዘዴ ቃጫውን ለረጅም ጊዜ በመውቀጥ ቀዳዳዎቹን ማጥበብ ነው፤ በዚህ መንገድ ያለ አንዳች ቅብ ቅባት የሚከለክል ወረቀት ይገኛል። ሁለተኛው፣ በወረቀት ኩባያዎች ውስጥ እንደሚታየው፣ ስስ ፕላስቲክ መለበጥ ነው። ሦስተኛው ካርቦንና ፍሎሪን የተጣመሩባቸውን፣ ባጭሩ ፒፋስ የሚባሉትን ቅመሞች መጠቀም ነው። እነዚህ ውኃንም ዘይትንም አጥብቀው ይመልሳሉ።

ነገር ግን የካርቦንና የፍሎሪን ጥምረት እጅግ ጽኑ ስለ ሆነ፣ እነዚህ ቅመሞች በአፈርም በውኃም በቀላሉ አይፈርሱም። በምግብና በውኃ ወደ ደም ገብተው ለብዙ ዓመታት የሚቆዩ አሉ። በጥናት እንደ ታየው በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ከመጨመር፣ ልጆች ከክትባት የሚያገኙትንም መከላከያ ከመቀነስ ጋር የተያያዙ ናቸው። ከነዚሁ አንዱን፣ ፒፎአ የሚባለውን፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ዴንማርክ በ2020 ፒፋስን ከምግብ ወረቀት ከለከለች። በአሜሪካም ቅባት እንዳያሳልፍ ለምግብ ወረቀት ይጨመሩ የነበሩት የፒፋስ ቅመሞች ሽያጭ ማብቃቱን የአገሩ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2024 አስታውቋል።

ከዕፅዋትና ከእንስሳት የሚገኙ ቅቦች

ድፎ ዳቦ በኮባ የጋገረች እናት የነገሩን መሠረት ታውቃለች። የኮባ ቅጠል ገጹ በተፈጥሮ ሰም የተሸፈነ ስለ ሆነ ውኃ ሲፈስበት ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። የዛሬ ተመራማሪዎችም የተፈጥሮን ሥራ በወረቀት ላይ ለመድገም ይጥራሉ።

ከበቆሎ ወይም ከድንች የሚወጣው ስታርች፣ እንዲሁም ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚዘጋጀው ኪቶሳን፣ በወረቀት ላይ ተቀብተው ሲደርቁ ቀዳዳዎቹን ይደፍናሉ፤ ቅባትም ይከለክላሉ። ጉድለታቸው ውኃ ሲነካቸው መለስለሳቸው ነው። የንብ ሰም ደግሞ ውኃን ይመልሳል፤ ነገር ግን በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀልጣል፤ ትኩስ ዘይትም ያሟሟዋል። አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ፣ ከታች ኪቶሳን ከላይ ሰም በመደረብ የሚሠራ ወረቀት ተሞክሯል። አገራችን በሰም ምርት በአፍሪካ ስመ ጥር ስለ ሆነች ይህ ጉዳይ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ሆኖም ከዕፅዋት መሠራት ብቻውን በቶሎ ለመበስበስ ዋስትና አይሆንም። ከበቆሎ ስኳር የሚሠራው ፒኤልኤ የተባለው ፕላስቲክ በደንብ የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት በተዘጋጀ ስፍራ እንጂ በጓሮ ጉድጓድ አይደለም።

ለክፍል የሚሆን ሙከራ

መምህሩ ሦስት ቁራጭ ነጭ ወረቀት ያዘጋጅ። አንዱን እንዲሁ ይተወው፤ ሁለተኛውን በቀጭኑ በተቀቀለ የበቆሎ ስታርች ሁለት ጊዜ ቀብቶ ያድርቀው፤ ሦስተኛውን በንብ ሰም አጥብቆ ይሸው። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ፣ ራቅ አድርጎም አንድ ጠብታ ዘይት ያኑር። ውኃው በሰሙ ላይ ይድቦለቦላል፤ ዘይቱ በስታርቹ ወረቀት ለማለፍ ይዘገያል፤ ባልተቀባው ላይ ግን ሁለቱም ይሰርጋሉ። ተማሪዎቹ አንድ ቅብ ብቻውን ለሁሉ እንደማይበቃ በዓይናቸው ያያሉ።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

1ኛ. ትኩስና ቅባት ያለው ምግብ በጋዜጣ ወይም በተጻፈበት ወረቀት አይጠቅለል። ቀለሙ ለምግብ ታስቦ አልተሠራም፤ ትኩሱ ቅባትም ቀለሙን አሟሙቶ ወደ ምግቡ ያሳልፋል።

2ኛ. ለምግብ የሚሆን ወረቀት የሚገዛ ነጋዴ ቅቡ ከምን እንደ ተሠራ፣ ፒፋስም እንደሌለበት አቅራቢውን ይጠይቅ። «ወረቀት ነው» ወይም «ከዕፅዋት ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም።

3ኛ. ፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ለምድጃ ማቀጣጠያ አይሁን፤ ጢሱ ጤናን ይጎዳል።

4ኛ. ከሁሉ የሚሻለው ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል ክዳን ያለው ዕቃ ነው። ልጆች ምሳ ዕቃ ይዘው እንዲመጡ መምህራን ቢያሳስቡ፣ ሱቅ የሚላክ ልጅም ሳሕን ይዞ ቢሄድ፣ ወጪው ጥቂት ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።