የናፍጣ ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ ብልሽትና የዋስትና ጥገና፦ የማስረጃ ጥያቄ

አጽሕሮተ ጥናት

የናፍጣ ሞተር ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ ሲሰበር መንስኤው የፓምፑ ጉድለት ይሁን የነዳጁ ብክለት መለየት አዳጋች ነው። የዋስትና ክፍያ ግን በዚሁ ልዩነት ላይ ይወሰናል። ይህ ጽሑፍ የብልሽቱን አካሄድ፣ የነዳጁን ድርሻና በአሜሪካ የታዩ ሁለት ጉዳዮችን በመመርመር፣ የዋስትና ክርክሩ በመሠረቱ የማስረጃ ክርክር መሆኑን፣ ውጤቱም በአብዛኛው ጋራዥ ውስጥ በሚፈጸሙ የመጀመሪያ ተግባራት እንደሚወሰን ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ናፍጣ፣ ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ፣ የማለስለስ አቅም፣ ዋስትና፣ የማስረዳት ሸክም

1. መግቢያ

የተሽከርካሪ ዋስትና በተለምዶ ሁለት ዓይነት ብልሽቶችን ይለያል። ከዕቃው ወይም ከአመራረቱ ጉድለት የመነጨው በአምራቹ ወጪ ይጠገናል፤ ውሃ ከገባበት ወይም ካልተገባ ነዳጅ የመጣው ግን ከሽፋኑ ውጭ ነው። ለብዙዎቹ የተሽከርካሪ ክፍሎች ይህ ክፍፍል አያስቸግርም። በናፍጣ ነዳጅ ሥርዓት ግን ነዳጁ የሚቃጠል ብቻ ሳይሆን ፓምፑን ከውስጥ የሚያለሰልስም ነው። ስለዚህ የፓምፑ ድክመትና የነዳጁ ድክመት የሚገለጡት በአንድ የብረት ገጽ ላይ፣ በአንድ ዓይነት የፍግታ ምልክት ነው።

2. የብልሽቱ አካሄድ

ኮመን ሬል በሚባለው ሥርዓት ፓምፑ ነዳጁን እስከ 2,000 ባር በሚደርስ ግፊት ወደ ጋራ ቧንቧ ይልካል፤ ኢንጀክተሮችም ከዚያ እየተቀበሉ ወደ ሲሊንደር ይረጫሉ። በተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ መካከል ያለው ክፍተት በጥቂት ማይክሮን የሚለካ በመሆኑ በዓይን የማይታይ ብናኝ እንኳ ጉዳት ያደርሳል።

በዚህ ረገድ ብዙ ያከራከረው ቦሽ ያመረተው ሲፒ4 የተባለው ፓምፕ ነው። ቀደምቱ ሲፒ3 ሦስት ፒስተኖች ሲኖሩት ሲፒ4 የሚሠራው በአንድ ወይም በሁለት ነው። ፒስተኑን የሚገፋው አካል ጫፉ ላይ ባለች ሮለር አማካይነት በካሙ ላይ ይሽከረከራል። ይህ አካል በራሱ ዘንግ ዙሪያ ከዞረ ሮለሯ የካሙን አቅጣጫ ትስታለች፤ መሽከርከሯ ቀርቶ ብረቱን መፋቅ ትጀምራለች። ከዚያ የሚወጣው የብረት ብናኝ በሁለት መንገድ ይጓዛል፤ ከፊሉ ወደ ጋራ ቧንቧውና ወደ ኢንጀክተሮቹ፣ ከፊሉ ደግሞ በመመለሻው መስመር ወደ ነዳጅ ታንኩ። ፓምፑን ብቻ መለወጥ የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ኢንጀክተሮቹን፣ ቧንቧዎቹንና ማጣሪያውን መለወጥ፣ ታንኩንም ማጠብ የግድ ይሆናል። የጥገናው ወጪ ከአንድ ፓምፕ ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚሆነውና ተከራካሪ ወገኖችን ችሎት ድረስ የሚያደርሰው ከዚህ የተነሣ ነው።

3. የነዳጁ ድርሻ

በአሜሪካ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመንገድ ተሽከርካሪዎች የሚቀርበው ናፍጣ የሰልፈር መጠን በሚሊዮን 15 ክፍል እንዲሆን ተደርጓል፤ በአውሮፓ ኅብረት ከ2009 ጀምሮ 10 ነው። ሰልፈር በሃይድሮጅን ሲወገድ አብረው የሚወገዱ ሌሎች ውሁዶች አሉ፤ ብረትን በስስ ሽፋን ከፍግታ የሚጠብቁትም በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። የጎደለው የማለስለስ አቅም በተጨማሪ ኬሚካል ይተካል።

አቅሙ የሚለካው በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነዳጅ ውስጥ አንዲት የብረት ኳስ በብረት ገጽ ላይ ለ75 ደቂቃ ወዲያና ወዲህ እንድትፈጋ በማድረግ ነው። በኳሷ ላይ የሚቀረው ጠባሳ በሰፋ ቁጥር የነዳጁ የማለስለስ አቅም ዝቅ ያለ ነው። የአውሮፓ ደረጃ የሚፈቅደው ከፍተኛ ስፋት 460 ማይክሮን ሲሆን የአሜሪካው 520 ነው።

ይህ የቁጥር ልዩነት በዋስትና ሰነዶች ቦታ ያላገኘ ሦስተኛ ሁኔታ ያመለክታል። ነዳጁ ያልተበከለና በተሸጠበት አገር ሕጋዊ ሆኖ፣ ፓምፑም ያለ ምርት እንከን ተሠርቶ፣ ሁለቱ ግን ላይስማሙ ይችላሉ። ባለንብረቱ ማደያው ከሚሸጠው ውጭ ሌላ ነዳጅ ሊቀዳ አይችልም። ተሽከርካሪውን ለዚያ ገበያ ያቀረበው ግን የገበያውን የነዳጅ ደረጃ አስቀድሞ የማወቅ ዕድል አለው። ስለሆነም አለመጣጣሙን ከብክለት ጋር አንድ አድርጎ መመልከት ምክንያታዊ አይሆንም።

4. ነጠላ ብልሽትና ተደጋጋሚ ብልሽት

የራም ተሽከርካሪዎች አምራች በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ይህ ፓምፕ የተገጠመላቸውን ከ220,000 በላይ የ2019 እና የ2020 ሞዴል ራም የጭነት ተሽከርካሪዎች ለእርማት ጠራ። በ2024 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ ከ2011 እስከ 2016 በተመረቱ የናፍጣ ፒክአፖች ላይ በተመሠረተ የቡድን ክስ በ50 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ስምምነት ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ከጉዳዮቹ የሚወሰደው ቁም ነገር ሌላ ነው። አንድ ፓምፕ ለብቻው ሲታይ "መጥፎ ነዳጅ ገጥሞት ይሆናል" የሚል መልስ ሁልጊዜ ይቻላል። በሺህ የሚቆጠሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ሲሰበሩ ግን መልሱ እየሳሳ ይሄዳል። ይህን ተደጋጋሚነት ቀድሞ የሚያየው የጥገና መዝገቦች ሁሉ የሚደርሱት አምራቹ ነው፤ ባለንብረቱ የሚያየው የራሱን መኪና ብቻ ነው።

በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የዋስትና ሕግ፣ ማግነሰን–ሞስ፣ ዋስትናን በአንድ የንግድ ምልክት ዕቃ ከመጠቀም ጋር ማሰርን በመርህ ደረጃ ይከለክላል። ሆኖም የአንድን ብልሽት መንስኤ አይወስንም፤ እሱን የሚወስነው ማስረጃ ነው።

5. ማስረጃው የሚጠፋበትና የሚጠበቅበት መንገድ

ማስረጃ በአብዛኛው የሚጠፋው በክፋት ሳይሆን በተለመደ አሠራር ነው። መካኒኩ ታንኩን ያራግፋል፤ አሮጌውን ማጣሪያ ይጥላል፤ የተፈታውን ፓምፕ ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል። ነዳጁ የተንጠፈጠፈለት ብረት እርጥበት ባለው አየር ስለሚዝግ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣ መርማሪ የሚያየው ዝገት ከውሃ ብክለት የመጣ ይሁን ከአቀማመጥ ሊያረጋግጥ አይችልም።

ስለዚህ ከመፍታት በፊት ሊፈጸሙ የሚገባቸው ተግባራት አሉ። አንደኛ፣ በኮምፒውተሩ የተመዘገቡት የብልሽት ኮዶችና የግፊት መጠኖች ይታተሙ። ሁለተኛ፣ ከታንኩ ግርጌና ከማጣሪያው ቤት የነዳጅ ናሙና በንጹሕ ዕቃ ተወስዶ ይታሸግ፤ አንዱ ቅጂ በባለንብረቱ እጅ ይቅር። ሦስተኛ፣ ናሙናው ለውሃ መጠን፣ ለማለስለስ አቅምና ለብልጭታ ነጥብ ይመርመር፤ የብልጭታ ነጥቡ ከደረጃው በእጅጉ መውረዱ ቤንዚን መቀላቀሉን ይጠቁማል። አራተኛ፣ የተፈቱት ክፍሎች ወዲያው ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ከአየር ተጠብቀው ክርክሩ እስኪያበቃ ይቆዩ። የነዳጅ መግዣ ደረሰኞችና የማጣሪያ ቅያሬ መዝገብም የማስረጃው አካል ናቸው።

6. ለኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጩ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት መድን እንዲሆን ይደነግጋል። በአንቀጽ 2001 ደግሞ ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ወገን የግዴታውን መኖር ማስረዳት አለበት። ሁለቱ ሲጣመሩ መብቱ የገዢው ቢሆንም ሸክሙም በገዢው ላይ ይወድቃል። ኢትዮጵያ ነዳጇን ከውጭ የምታስገባና በቦቴ ረጅም መንገድ የምታጓጉዝ በመሆኗ በመንገዱ ላይ ውሃና ቆሻሻ ሊገባ የሚችልባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ "ነዳጁ ነው" የሚለው የሻጭ መከላከያ በቀላሉ የሚታመን ነው፤ እውነት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። እውነት የሆነውን ካልሆነው የሚለየው በጊዜው የታሸገ ናሙና ነው።

7. መደምደሚያ

የናፍጣ ፓምፕ ሲሰበር የብልሽቱን ምስክር አብሮ ይፈጫል። በዚህ ሁኔታ የማስረዳት ሸክሙን ሙሉ በሙሉ በባለንብረቱ ላይ የሚጥል ዋስትና በጽሑፍ የሰጠውን በተግባር ይነሣል። ሚዛናዊው መንገድ ሸክሙን ማስረጃው በእጁ ላለው ማካፈል ነው፦ ባለንብረቱ ተገቢውን ጥገና ማድረጉን ያስረዳ፤ ብክለት አለ ብሎ ዋስትናውን የሚከለክለው ወገን ደግሞ ብክለቱን በታሸገ ናሙናና በላቦራቶሪ ውጤት ያሳይ። የዋስትና ሰነዶች ይህን ቅደም ተከተል በግልጽ ቢያስቀምጡ ሐቀኛው አምራችም ሆነ ሐቀኛው ገዢ ይጠቀማሉ።