ትምህርቱ ለሁሉም እንዲደርስ



በአንድ ጥያቄ እንጀምር። አንድ ሕፃን ትምህርቱ ሳይገባው ሲቀር ጉድለቱ የማን ነው? ብዙውን ጊዜ «ልጁ ሰነፍ ነው» ብለን እናልፋለን። ነገር ግን በሰሌዳው ላይ የተጻፈው አልታየው ይሆናል፤ የመምህሩ ድምፅ ከኋላ አልደረሰው ይሆናል፤ ወይም የሚማርበት ቋንቋ በቤቱ የሚናገረው አይደለም። እንዲህ ከሆነ መታረም የሚገባው ልጁ ሳይሆን የትምህርቱ አቀራረብ ነው።

1. አሳቡ ከየት መጣ?

አሳቡ የመጣው ከሕንፃ ሥራ ነው። ሮናልድ ሜስ የተባለ አሜሪካዊ በ9 ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት በተሽከርካሪ ወንበር ይሄድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ ደረጃውን የሚወጣው ሰዎች ተሸክመውት ነበር። በኋላ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ሆነና «ለሁሉም የሚሆን ንድፍ» የሚለውን አሳብ አስፋፋ። ይኸውም ቤቱ ካለቀ በኋላ ለአካል ጉዳተኛ ሌላ በር ከመቅደድ፣ ከመጀመሪያው ሁሉም የሚገባበትን አንድ በር መሥራት ይሻላል ማለት ነው። በደረጃ ፈንታ ተዳፋት መግቢያ ቢሠራ ሕፃን ያዘለች እናትም፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌም ይጠቀሙበታል።

2. በትምህርት ረገድስ?

እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የተቋቋመው ካስት የተባለ ድርጅት ይህንኑ አሳብ ወደ ትምህርት አመጣው። መመሪያዎቹ ሦስት ናቸው፦

ሀ/ የተማሪዎችን ፍላጎት በልዩ ልዩ መንገድ ማነሣሣት፤
ለ/ ትምህርቱን በልዩ ልዩ መንገድ ማቅረብ፤
ሐ/ ተማሪው ያወቀውን በልዩ ልዩ መንገድ እንዲገልጽ መፍቀድ።

3. በተግባር ሲታይ

አንዲት መምህርት ስለ ግማሽና ስለ ሩብ ታስተምራለች እንበል። በሰሌዳ ላይ ብቻ ብትጽፍ ዓይነ ስውሩ ልጅ ምንም አያገኝም። በቃል ብቻ ብትናገር መስማት የተሳናት ልጅ ትቀራለች። ስለዚህ አንድ ዳቦ ይዛ ትገባለች። በመጀመሪያ «በቤታችሁ ዳቦ ለስንት ይቈረሳል?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያም ፊቷን ወደ ተማሪዎቹ አዙራ፣ የምታደርገውን እየተናገረች ለሁለት፣ ቀጥሎም ለአራት ትቈርሳለች፤ በሰሌዳውም ላይ በትልቁ ትጽፋለች። ቁራሹም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። መልስ ስትጠይቅ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ በቃሉ ይናገራል፣ ሌላዋ ወረቀት አጥፋ ታሳያለች።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከክፍል በፊት ማሰብን ነው። ለአንዱ ልጅ ተብሎ የተደረገውም ለሌሎቹ ይጠቅማል፤ ዳቦውን የዳሰሰ ዓይናማም ትምህርቱን አይረሳውም።

4. መጠንቀቅ የሚገባን

የትምህርቱ ግብ አይቀነስም፤ የሚበዛው መንገዱ ነው። ሁሉም ልጅ ሩብ ምን እንደ ሆነ ማወቅ አለበት። ደግሞም ይህ ዘዴ ብሬልን ወይም የምልክት ቋንቋን አይተካም፤ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ሊያገኙት ይገባል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ልጆች በአካል ጉዳት ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለሉ ያዛል።

ለውይይት

• በምታውቁት ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ልጅ ማን ነው? ዝም ያሰኘውስ ምንድን ነው?
• በሚቀጥለው ሳምንት ከምታስተምሩት አንዱን ትምህርት ምረጡ። የሚቀርበው በስንት መንገድ ነው? አንድ መንገድ ጨምሩበት።